የጌታዬ ነው

የልጅ ልጆቼ አያታቸውን የሚያስታውሷት በድንጋጤዋ ነው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጠችበት ብድግ ትልና በበሩና በጓዳው መካከል ትቆማለች። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ እስኪታወቅ እንደ ምሰሶ ቀጥ ትላለች። የሚመጣው ብዙ ጊዜ እሳት ፈላጊ ጎረቤት ወይም ጥጃ የጠፋበት ሰው ነው። ልጆቹ ይስቃሉ። «እማማ፣ ጓዳ ውስጥ ወርቅ ቀብረሻል እንዴ?» ይሏታል። እሷም ትስቅና ተመልሳ ትቀመጣለች። ጓዳ ውስጥ የነበረው ወርቅ ግን እኔ ነበርኩ። ወርቅ ማለቴ እንግዲህ በእሷ ሚዛን ነው፤ ሌላ ሚዛን ላይ ባልወጣ ይሻላል።

ዘንድሮ ቀበርናት። በለቅሶዋ ላይ ሰው ሁሉ ደግ ሚስት፣ ደግ እናት፣ ደግ አያት ነበረች አለ። እውነት ነው። ግን ይህ ቃል ለሞተች ባልቴት ሁሉ ይባላል፤ ደግ ላልነበረችውም አይቀርባትም። እኔ ለቅሶ ላይ የሚባለውን ነገር ከማንም አብልጬ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ በቁሜ ተለቅሶልኛል። ያለቀሰችልኝም እሷ ናት። ስለዚህ እኔ ደግሞ የማውቀውን ልጻፍላት።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እኛ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ያለ መንደር ውስጥ ነበርን፤ እኔ፣ እናቴና አዲስ ያገባኋት ሚስቴ። አርበኞች በመንደራችን ሲያልፉ፣ ለሙሽራዬ ወንድ መስዬ መታየት አማረኝና አብሬያቸው ወጣሁ። ጀግና በግንባሩ ይመታል ይባላል። እኔ ለጥይቱ ግንባሬን የሚያይበት ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ያገኘው መቀመጫዬን ነው። ጓደኞቼ በቅሎ ላይ በሆዴ ጭነው፣ ከላይ ገለባ አልብሰው፣ እንደ ጌሾ ጭነት ቤቴ አራገፉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሚስቴ አላለቀሰችም፤ እንዴት ሆነ ብላም አልጠየቀችኝ። ጓዳችን ውስጥ እህል የሚቀመጥባቸው ትልልቅ የጭቃ ጎታዎች ነበሩ። በጎታዎቹና በግድግዳው መካከል አንድ ሰው በጎኑ የሚተኛበት ክፍተት አለ። እዚያ ጭድ አነጠፈችልኝ። ቁስሉን በጨው ውሃ ታጥባለች፣ ቅቤ ትቀባለች። እኔ ቁስሉ ካለበት ቦታ የተነሣ በኀፍረት ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እሷ ግን የበሬ ቁስል እንደምታክም ሆና ሥራዋን ትሠራለች።

ጭቃ ሹማችን ለጣልያን ያደረ ሰው ነበር። ክፉ ነው አልልም፤ ፈሪ ነው። ፈሪ ደግሞ ከክፉ ይብሳል፤ ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ። ወደ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያ ድምፅ ከደጃፍ በተሰማ ቁጥር እኔ ከጎታው ኋላ ትንፋሼን እውጣለሁ፤ ሚስቴ የያዘችውን ሳትጥል ሄዳ በበሩና በጓዳው መካከል ትቆማለች። አንድ ቀን መጥቶ፣ ጫካ የገቡት ሰዎች ስም ደብረ ማርቆስ እንደደረሰ፣ ወንድ የሸሸገ ቤት እንደሚቃጠል፣ የሸሸገችውም ከተሸሸገው ጋር ገበያ መሐል እንደምትሰቀል ነገራት። ባሏ ወዴት እንዳለ ጠየቃት። ወሬውን እንኳ አልሰማሁም አለችው። እንግዲያው እስክትሰሚ እመላለሳለሁ ብሏት ሄደ።

ከሄደ በኋላ ጎታው ዘንድ መጥታ ጎንበስ አለች። ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ነው የምትለኝ፤ ያን ዕለትም አላጓደለችብኝም።

«ነገ ይሞታሉ» አለችኝ። «አደራ፣ እንዳያስነጥስዎ።»

በማግሥቱ፣ ከደምበጫ ገበያ የሚመለስ ነጋዴ መርዶ ነገረኝ ብላ ከመንገድ ጀምራ እሪ እያለች መጣች። መንደሩ ተሰበሰበ። ሬሳ በሌለበት የሟቹ ልብስ ተዘርግቶ ይለቀሳል፤ የአገራችን ወግ ነው። ጋቢዬንና ዘንጌን አልጋ ላይ ዘረጉ። ሚስቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጉንጯን ነጨች። ሙሾ አውራጇ ጀግንነቴን ፈልጋ ብታጣ የአባቴን አነሣች፤ ከአባቴ ወደ አያቴ ተሻገረች። ስለ ራሴ የተናገረችው ጥርሰ መልካም መሆኔን ብቻ ነበር። ዛሬ እሱም የለም።

እኔ እዚያው ከለቀስተኛው ጀርባ፣ የጤፍ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ ተኝቻለሁ። ማስነጠሱ መጣ። አፌን ባፍነው በአፍንጫዬ፣ አፍንጫዬን ብይዘው በጆሮዬ ሊወጣ ሆነ። እናቴ ጎታውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበርና ትንፋሼን የሰማችው መሰለኝ፤ ጎታውን በመዳፏ እየደበደበች «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች። ማስነጠሴ በእናቴ ጩኸት ውስጥ ተቀበረ። ያን ቀን ከእኔ የተቀበረው እሱ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን የሚስቴ ድምፅ ነበር። ጠዋት ቁስሌን ስታጥብ ሕያው መሆኔን አይታለች፤ ልቅሶዋ ግን የውሸት አይመስልም። እየቆየ እኔም ተጠራጠርኩ። የእግሬን ጣት አንቀሳቅሼ እስካረጋግጥ ድረስ፣ ሳላውቀው ሞቼ እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ።

ከእናቴና ከሚስቴ ሌላ መኖሬን የሚያውቁት የነፍስ አባታችን ነበሩ። ለሕያው ሰው ፍትሐት አላደርስም ብለው አስቀድመው ነግረዋታል። ጭቃ ሹሙ ይህን ታዘበ። በለቅሶው መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ፍትሐቱ ስለ ምን እንደዘገየ ጠየቃቸው። ዲማ ሄደው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸውና ቀጥተኛ መልስ አይሆንላቸውም።

«ያልተያዘ አይፈታም» አሉት።

ጭቃ ሹሙ ሬሳው ሳይገኝ ፍትሐት የለም ያሉት መስሎት ራሱን ነቀነቀ። ሰሙ እሱ ነው። ወርቁ ግን ሰውየው ገና አልተያዘም ማለት ነበር። የሚስቴ ልቅሶ ቀጥ አለ። ከተሰበሰበው ሰው ወርቁን ያወጣ ይኖር ይሆን ብላ የሰዉን ፊት ስትቃኝ በጎታዎቹ መካከል አየኋት። ከዚያ እንደ ገና ማልቀስ ጀመረች። ቅኔ ለተማረ ሰው ምስጢር አደራ መስጠት እንዲህ ነው፤ ምስጢርነቱን ይጠብቅልሃል፣ ግን ሳይናገረው አያድርም።

ጭቃ ሹሙ መሞቴን ደብረ ማርቆስ ድረስ ወስዶ ተናገረ፤ አመሰገኑት ተባለ። እኛም ትንሽ ተነፈስን። ቁስሌ ደረቀ፣ እግሬ ግን ማነከሱን አልተወም። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። መሞት እንዲህ ከሆነ ምቹ ነገር ነው ማለት ጀምሬ ነበር፤ ግብር የለበት፣ እርሻ የለበት። ሙት ግን ጨርሶ ሥራ አይፈታም ኖሯል። ሚስቴ አረገዘች።

ዛሬ እንዲህ ብዬ እቀልዳለሁ። ያን ጊዜ ቀልድ ከቤታችን ጠፋ። ባሏ ከሞተ ክረምት ያለፈ ሴት ሆዷ ሲገፋ ሰው የሚያስበው ከሁለት አይዘልም፤ ወይ እሷ ወድቃለች፣ ወይ ባሏ አልሞተም። አንደኛው ስሟን ይወስዳል። ሁለተኛው የእኔንና የእሷን አንገት፣ የእናቴንም፣ በሆዷ ያለውንም ጨምሮ ይወስዳል። እኔም እንደ ልማዴ ጀግንነቴ ያለ ቦታው ተነሣና፣ ልውጣና እጄን ልስጥ፣ አንቺ በክብር ውለጂ አልኳት። ይህን ስናገር ጎታውን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤው ነበር። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«የኔ ስም ይታጠባል» አለች። «ያንቱ አንገት ከተቆረጠ አይቀጠልም።»

ከዚያ በኋላ ተመካክረን አናውቅም፤ ነገሩ ተቆርጧል።

አጥር ለአጥር የምንዋሰን አንዲት ጎረቤት ነበረችን፤ የሚስቴ የልብ ወዳጅ፣ ምላሷ ግን ምላጭ። ሴቶች ምንጭ ላይ በተሰበሰቡበት ሚስቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «እኅቴ፣ ሐዘንሽ ሆድ አወጣ» አለቻት። ሌሎቹ እንስራቸውን ይዘው ዞር አሉ። ከዚያ ወዲህ እሳት የሚሰጣት፣ ወንፊት የሚያውሳት ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ቆማ አስቀድሳ ትመለሳለች።

እናቴም ዝም ማለት አልቻለችም፤ የሟች እናት እንዲህ ያለችውን ምራት ካልረገመች ሰው ይጠረጥራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ደጅ ትወጣና የልጇን አልጋ እንዳረከሰች፣ አጥንቱን እንዳሳፈረች፣ ከቤት ያላባረረቻትም ማሳውን የሚያርም ሰው አጥታ እንደሆነ፣ ማዶ ያለው መንደር እስኪሰማ ትጮኻለች። ጉሮሮዋ ሲደርቅ ትገባና፣ በሩን ዘግታ የምራቷን ያበጠ እግር በቅቤ ታሻለች። አንድ ቀን ስድቡ በዛብኝና እማዬ ቀለል አድርጊው አልኳት። ሙት አስተያየት አይሰጥም አለችኝ፤ በደንብ ካልሰደብኋት ማን ያምነኛል ብላ።

ጭቃ ሹሙ ግን ማሰብ ጀመረ። አላፊ አግዳሚውን፣ የልጁ አባት ማነው እያለ ይጠይቃል። እኛን እንቅልፍ የነሳን የእሱ ማሰብ ነበር። ስም ካጣ፣ ሐሳቡ ዞሮ ዞሮ ጓዳችን መድረሱ አይቀርም። በውሸት የሰው ስም ብትጠራለት ደግሞ ያ ሰው ይጠየቃል፤ ሚስቴ ይህን ነፍሷ አልፈቀደላትም። በዚህ ተጨንቀን ሳለ ጎረቤታችን መጣች። ሴቶቹ ልከዋት ነው። ደጃፉ ላይ ሆና፣ ሳትቀመጥ፣ ከማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የጌታዬ ነው» አለች ሚስቴ።

በእኛ አገር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ጌታዬ ነው የምትለው። መንደሩ ደግሞ ጌታዬ የሚለው ጭቃ ሹሙን ነው። ጎረቤታችን በገዛ ጆሮዋ ሙሾዬን ሰምታለችና ሕያው ባል ሊታያት አልቻለም። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው የጭቃ ሹሙ ሚስት ዘንድ ደረሰ። እዚያ ቤት የሆነውን አላየሁም፤ ጩኸቱ ግን እኔ እስካለሁበት ይሰማ ነበር። በማግሥቱ ሰውየው በጠራራ ፀሐይ ራሱን በጋቢ ተከናንቦ ታየ ተባለ። ሚስቴ ሐሰት አልተናገረችም። ሰሙን ለመንደሩ ሰጥታ ወርቁን ለራሷ አስቀረች እንጂ። ቅኔ ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ከዚያች ከነፍስ አባታችን ቃል ተምራ መሆን አለበት።

ከእኛ ሌላ፣ ልጁ የጭቃ ሹሙ አለመሆኑን በእርግጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ራሱ ጭቃ ሹሙ። ሰነባብቶ መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደፉን ግን አልተሻገረም። ሚስቴ እንደ ልማዷ መንገድ ላይ ቆመችበት።

«ያን ጌታሽን» አላት ቀስ ብሎ፣ «አንድ ቀን አየዋለሁ።»

ወርቁን አውጥቶታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቴ ጀርባዋን ለበር ሰጥታ አልተቀመጠችም። ስትበላ ጉርሻዋን አፏ ውስጥ ይዛ ታዳምጣለች። ቅጠል ቢንኮሻኮሽ ዓይኗ ወደ ጎታው ይሮጣል፤ ወዲያው ዓይኔ ያጋልጠዋል ብላ ትመልሰዋለች። ለምን እንዳልተናገረ ያወቅሁት ኋላ ሳስበው ነው፤ መሞቴን አውርቶ የተመሰገነው እሱ ነበር፣ ሕያው ሆኜ ብገኝ አብሮኝ መሰቀሉ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያስብ ራስ አልነበረንም። በየቀኑ ዛሬ ነው እንል ነበር።

ምጡ የመጣባት ወንዶቹ ለጣልያን መንገድ ሥራ ተነድተው በወጡበት ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። ጩኸት ሰው ይጠራል ብላ ነጠላዋን ነክሳ አማጠች። እናቴ ብቻዋን ነበረች። ልጁ እንቢ አለ። ከኋላ ሆኖ ብብቷን ይዞ የሚደግፋት ሰው ያስፈልጋል። እናቴ ወጥታ በአጥሩ ላይ ስድቧን ረስታ ተጣራች። መልስ የሰጠ የለም፤ የዘራችውን ስድብ አጨደችው። ተመልሳ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል፤ በሩን በመወርወሪያ መዝጋቷንም እንጃ።

እኔ መቼ እንደወጣሁ አላውቅም። ሚስቴ አየችኝና በእጇ ወደ ጓዳው አመለከተችኝ፤ ይመለሱ ማለቷ ነው። ከዚያ ምጡ መጣ፤ ያችው እጅ ክንዴን ያዘች። ከኋላዋ ሆኜ ደገፍኳት። ክብደቷ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ፤ ላቧ አንገቴ ላይ ይወርዳል፤ እኔ ስለ አንገቴ ማሰብ ያቆምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። የገባችው ጎረቤታችን ናት። ከአጥሩ ማዶ ሆና የእናቴን ጥሪ ሰምታ፣ እንቢ ብላ ቆይታ፣ አላስቻላትም። ባለ ጋቢውን ሟች ሚስቱን አቅፎ አየችው። አፏ ተከፈተ። እኔ ያንን አፍ ብቻ ነበር የማየው፤ መንደሩ ውስጥ ወሬ ሳያድር የሚወጣበት አፍ ነው፣ የአራታችን ነፍስ ተንጠልጥሎበታል። ሚስቴን አየች። እንደ ገና እኔን አየች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«አንተ ሙት» አለችኝ፣ «ጠበቅ አድርገህ ያዛት እንጂ።»

ሴት ልጅ ተወለደች። ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ጎረቤታችን ለእልልታ አፏን ከፈተችና እኔን አይታ ዘጋችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ልጄ ጆሮ ሥር፣ በትንፋሽ ብቻ ሦስት ጊዜ እልል አለች። ሚስቴ የጎረቤታችንን ቀሚስ ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች፤ እንዳትናገርብን ነው። ገባት። እጇን በቀስታ አስለቅቃ ወጣች። ደጁ ላይ ወሬ ያሰባሰባቸው ሴቶች ቆመው ነበርና መሬት ላይ እንትፍ አለችባቸው።

«ሴት ናት» አለቻቸው። «የእናቷን ነገር አይስጣት።»

ከዚያ ቀጠለች፤ ከእናቴ ይልቅ አሳምራ ሰደበቻት። ሚስቴ ከተኛችበት ሰምታ፣ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ያ አፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ስድብ እንጂ እውነት አልወጣውም።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሄደ ሲባል ልጃችን መዳህ ጀምራ ነበር። ጭቃ ሹሙ ከጣልያን ቀድሞ ጠፍቷል። ሚስቴ ግን ወሬው እርግጥ እስኪሆን አላስወጣችኝም። በመጨረሻ አንድ እሑድ ጋቢዬን አለበሰችኝ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ እሷ ክብር፣ ትንሽም ስለ እኔ ጀግንነት። ዝም ብለው ይሂዱ፣ ዓይን ያለው ያያል አለችኝ። እኔ ከፊት እያነከስኩ፣ እሷ ከኋላ ልጃችንን አዝላ፣ የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች ሄድን። ላቧ በግንባሯ ይወርድ ነበር። እኔ ከሞት ተነሥቻለሁ፤ የእሷ ስም ግን መታጠቡ ገና አልታወቀም።

ቅጥሩ በር ላይ ሰው ሁሉ አማተበ። የሚጠጋኝ ጠፋ። ዓይኗ የደከመ አንዲት ባልቴት እየዳበሰች መጣችና ጭኔን መዘለገችኝ፤ ያውም በቁስሌ በኩል። እሪ አልኩ። ሥጋ ነው አለቻቸው ለሌሎቹ። ከዚያ ሴቶቹ እኔን ትተው ሚስቴን ከበቧት። አንዷ ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደቻት። የሕፃኗን አፍንጫ አዩ፤ ዞረው የእኔን አዩ። ከአባቶቼ የወረስኩት አፍንጫ ነው፣ በሩቅ የሚታይ፤ ልጄ እሱን መውረሷን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ምንጭ ላይ ፊቷን ያዞረችባት አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የሚስቴን ጉልበት ሳመች። ሌላዋም ተከተለች።

ሚስቴ ልጇን ተቀበለቻቸው። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዛፉ ሥር ከሚቆሙት ተለይታ ቅጥሩን አልፋ ገባች፤ ወደ ኋላ አላየችም። እኔ እያነከስኩ፣ ወዴት እንደምሄድ እንኳ ሳላስብ ተከተልኳት። በሴቶች በር ልገባ ስል ዲያቆኑ ክንዴን ይዞ ወደ ወንዶቹ በር መለሰኝ።